የስኩተር የፊት ሹካ፤ ሕመሙን ስለ መለየት፣ ስለ መጠገንና ስለ መለወጥ

በተማሪዎች ዘንድ ስኩተር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ባለቤት አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ጓደኞች ገንዘባቸውን አዋጥተው በሌላ ሰው እጅ የቆየች ስኩተር ይገዙና በተራ ይነዷታል። እኛም እንደዚሁ ነን። የጋራ ዕቃ ደግሞ አንድ የታወቀ ጠባይ አለው፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማንም አያየውም። ሞተሯ አልነሣ ያለች ዕለት ሁላችንም እንሰበሰባለን፤ ካንዴላው ይፈታል፣ ቤንዚኑ ይታያል፣ ክርክሩም ይሞቃል። መሪዋ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወይም ፍሬን ሲያዝ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ግን «መንገዱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሞተሯ ያልተነሣ ስኩተር ከቆመችበት አትንቀሳቀስምና ማንንም አትጎዳም። የፊት ሹካዋ የታመመ ስኩተር ግን በደንብ ትሄዳለች፤ አደጋውም ያለው በዚሁ በመሄዷ ላይ ነው።

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎችን ከብረትና ከግራሶ ጋር ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። አንድን ጽሑፍ ሳናነብ እንድንፈርድበት መምህሮቻችን እንደማይፈቅዱልን ሁሉ፣ ሕይወታችንን የምናሳፍርባትንም መኪና ሳናውቃት ልንነዳት አይገባም። ዓላማችን ተማሪውን ሁሉ መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ሦስት ጥቅም ብቻ እንዲያገኝ ነው። አንደኛ፣ ስኩተሯን መቼ ማቆም እንደሚገባው ያውቃል። ሁለተኛ፣ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ «ፊቷ ይንቀጠቀጣል» ብቻ ብሎ ከመቆም ይልቅ ሕመሟን ለይቶ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ትዕግሥትና ተስማሚ መሣሪያ ካለው ከሥራው አብዛኛውን ከጓደኛው ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል።

ለምሳሌ የምንወስደው ቬስፓን ነው፤ አሠራሯ በብዙ አገር የታወቀ ነውና። ወደ መጨረሻው ደግሞ ባለ ሁለት እግር ሹካ ስላላቸው ስኩተሮች ባጭሩ እንናገራለን።

ሀ/ ሹካው ምን ዓይነት ነገር ነው?

ቬስፓ የተወለደችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በኢጣልያ አገር፣ በፒያጆ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ቀድሞ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ በፖንቴዴራ የነበረው ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመታ። ከጦርነቱ በኋላ ኤንሪኮ ፒያጆ ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ እንዲሠራ ፈለገና ንድፉን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ እንጂ የሞተር ብስክሌት ወዳጅ አልነበረም። ሞተር ብስክሌት ልብስ የሚያቆሽሽ፣ ጎማው ሲተነፍስም ለመለወጥ የሚያስቸግር ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ የፊቱን ጎማ በሁለት ብረት መካከል አላስገባውም፤ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ በሚይዝ ብረት ላይ አሰካው። የቬስፓ ጎማ እንደ አውቶሞቢል ጎማ ጥቂት ዳዶ ብቻ ተፈትቶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቬስፓ ሹካ አንድ ጥርስ ብቻ ያላት ሹካ ናት ማለት ይቻላል።

ክፍሎቹን እንይ። ከመሪው ተነሥቶ በስኩተሯ አንገት ውስጥ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም የብረት ቧንቧ አለ፤ ይህን የመሪ ዘንግ እንበለው። ዘንጉ ከአንገቱ በታች ወደ ጎን ይጎብጥና ጎማውን አልፎ ይወርዳል። ጫፉ ላይ በፔርኖ የታሰረ አንድ አጭር ክንድ አለ፤ ጎማው የሚሽከረከረው በዚህ ክንድ ላይ ነው። ክንዱ በፔርኖው ዙሪያ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውን ሞላው ይሸከማል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ ያበርደዋል። በአንገቱ ላይኛና ታችኛ ጫፍ ዘንጉን የሚያዞሩ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል የተደረደሩ የብረት ብዮች ናቸው። ከላይ በኩል ሁሉንም አጥብቆ የሚይዘው ጥርስ ያለው የቀለበት ዳዶ ነው።

ለ/ በሹካው ላይ የሚያርፈው ኃይል

ብዙ ሰው ሹካው ክብደት ብቻ የሚሸከም ይመስለዋል። ክብደቱስ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ነው። ጎማው ከጉድጓድ አፋፍ ወይም ከኮብልስቶን ጠርዝ ጋር ሲጋጭ፣ ፍሬንም ሲያዝ፣ ሹካው እንደ መፈንቀያ ብረት ሆኖ አንገቱን ሊፈነቅል ይሞክራል።

ለምሳሌ ያህል ሁለቱ ኩሽኔታዎች በ20 ሳንቲሜትር ተራርቀው ይቀመጡ፤ ከታችኛው ኩሽኔታ እስከ ጎማው መካከል ደግሞ 40 ሳንቲሜትር ይሁን። ጎማው በአንድ እጅ ኃይል ወደ ኋላ ሲገፋ፣ በላይኛው ኩሽኔታ ላይ የሁለት እጅ፣ በታችኛው ላይ ደግሞ የሦስት እጅ ኃይል ያርፋል። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተማርነው የሚዛን ሕግ ነው። ታችኛው ኩሽኔታ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበላው ለዚህ ነው፤ ውኃና አቧራም የሚያገኘው ፊተኛ እሱው ነው።

የስኩተር ጎማ ማነሱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በብዙዎቹ ቬስፓዎች ላይ የሚገባው ባለ 10 ኢንች ጎማ ከነላስቲኩ ወደ 43 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ብቻ ነው ያለው። የትልቅ ሞተር ብስክሌት ጎማ በላዩ የሚያልፈው ጉድጓድ ትንሹን ጎማ ይውጠዋል።

ሌላም ነገር አለ። የመሪው ዘንግ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የቆመ ነው። ዘንጉን በሐሳባችን ቀጥ አድርገን እስከ መሬት ብናስረዝመው፣ መሬቱን የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጎማው ከዘንጉ ኋላ የሚጎተት ይሆናል፤ በገበያ አዳራሽ የሚገፋ ጋሪ ትንሽ ጎማ እየዞረ ወደ ኋላ እንደሚከተል ማለት ነው። ስኩተሯ ቀጥ ብላ እንድትሄድና መሪው በራሱ ወደ መካከል እንዲመለስ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው። ሹካው ሲጎብጥ ይህ ርቀት ይለወጣል፤ ሲያንስ መሪው ይቀበጣል፣ ሲበዛ ይከብዳል። ሹካው ወደ ጎን ሲጎብጥ ደግሞ ስኩተሯ እንደ ግትር በቅሎ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ጣት የማትሞላ ጉብጠት ይህን ሁሉ ልታደርግ ትችላለች።

ሐ/ ሕመሙን መለየት

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ፊቷ ልክ አይደለም» የሚባለው ቅሬታ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ሕመሞች አሉት፤ የእያንዳንዳቸውም መድኃኒትና ዋጋ ልዩ ልዩ ነው። ለምርመራው ሁለት ሰው ይበቃል። ስኩተሯን በማቆሚያዋ አቁመን ከወለሏ በታች የእንጨት ጉማጅ በማስገባት የፊቱን ጎማ ከመሬት እናነሣለን፤ እንዳትወድቅም አንዱ ከኋላ ይይዛታል።

1ኛ/ መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልን እናዙረው። ያለ ችግር ከዞረ መልካም ነው። መካከል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ቆም ካለ፣ ብዮቹ ሳህኑን በስተው ጉድጓድ አበጅተዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሳህኖቹንና ብዮቹን መለወጥ ነው። ማጥበቅ አያድነውም።

2ኛ/ የሹካውን ብረት በሁለት እጃችን ይዘን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እናንቀንቀው፤ ጓደኛችን ጣቱን ሹካው ወደ አንገቱ በሚገባበት ቦታ ላይ ያሳርፍ። ጣቱ ላይ መንቀሳቀስ ከተሰማው የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ጎማውን ይዘን ብንነቀንቅ ግን ክንዱ ስለሚወዛወዝ እንሳሳታለን፤ መያዝ ያለበት ሹካው ራሱ ነው።

3ኛ/ አሁን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ወደ ጎን እናወዛውዘው። የሚነቃነቅ ከሆነ ዓይናችንን ክንዱ ላይ እናድርግ። ክንዱ ከጎማው ጋር አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ የተበላው ፔርኖውና በውስጡ ያለው ቦኮላ ወይም ኩሽኔታ ነው። ክንዱ ጸጥ ብሎ ጎማው ብቻ ከተነቃነቀ ደግሞ የተበላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ወይም ዳዶዎቹ ላልተዋል።

4ኛ/ ጉማጁን አውጥተን ስኩተሯን መሬት እናስረግጥ። ከፊት በኩል በክብደታችን ወደ ታች ተጭነን እንልቀቅ። አንድ ጊዜ ተነሥታ ከቆመች አሞርዛተሩ ጤነኛ ነው። እንደ ሕፃን አልጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች አሞርዛተሩ ሞቷል፤ በላዩም የዘይት ወዝ ከታየ ምስክር አያስፈልግም። ቬስፓ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን ትንሽ ወደ ታች መድፋቷ የተፈጥሮዋ ነው፤ ደጋግማ መዝለሏ ግን ሕመም ነው።

5ኛ/ በመጨረሻ ጎማውን ቀጥ አድርገን ከአምስት እርምጃ ርቀት ከኋላ እንያት። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ላይ ናቸው ወይስ አይደሉም? ጎማው ቀጥ ሲል መሪው ጠማማ ከሆነ፣ መሪው ራሱ በዘንጉ ላይ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ እሱን እናስተካክል። መሪው ተስተካክሎም የፊቱ ጎማ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ እንደ ሆነ፣ ወይም ወደ ኋላ ተጠግቶ ከወለሉ ጋር የተቀራረበ እንደ ሆነ፣ ሹካው ጎብጧል። በቧንቧው ላይ ቀለሙ የተሰነጠቀበት ወይም የተጨማደደበት ቦታ ካለ የጎበጠው እዚያ ላይ ነው። የአንገቱ ላሜራ ራሱ ተጨማዶ ከተገኘ ግን ነገሩ ከሹካ አልፏል፤ የአካሉን መስመር የሚለካ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ አንባቢው ይመልከት፤ ከአምስቱ ሕመሞች ሙሉውን ሹካ ማስለወጥ የሚጠይቀው በአብዛኛው አምስተኛው ብቻ ነው። እኛ ስኩተራችንን ለማሳየት በሄድንበት አንድ ጥገና ቤት «ሹካው በሙሉ ይለወጥ» ተብለን ነበር። ወደ ቤት ተመልሰን ከላይ የተጻፈውን ምርመራ አንድ በአንድ ስናደርግ የተገኘው የመጀመሪያው ሕመም ነው፤ የተለወጡትም ሳህኖቹና ብዮቹ ብቻ ናቸው። የጠየቀ ሁሉ ይታለላል ማለታችን አይደለም፤ ሕመሙን ራሱ ያልተናገረ ሰው የሚሰጠውን መድኃኒት ለመምረጥ አይችልም ማለታችን ነው።

መ/ ማቃናት ወይስ መለወጥ?

የጎበጠ ሹካ ሲገኝ ሦስት ምክር ይሰማል፤ በእሳት አሙቀን እናቅናው፣ ሳናሞቅ እናቅናው፣ እንለውጠው የሚል።

በእሳት ማሞቁን አንቀበልም። ብረት ቀልቶ እስኪታይ ሲሞቅ ጥንካሬው ይለወጣል፤ የቀናው ቦታ ከጎረቤቱ ይልቅ ለስላሳ ይሆንና በሚቀጥለው ጉድጓድ በዚያው ይታጠፋል። በመሪው ዘንግ ላይ ብየዳ መጨመርም እንዲሁ ነው። የተሰነጠቀ ዘንግ ተበይዶ አይነዳም፤ ይጣላል። ላሜራ ወይም ፓራፋንጎ ቢበየድና ቢለቅ የሚያጠፋው ውበት ብቻ ነው፤ ዘንግ ቢለቅ ግን ጎማውና ሰውዬው ይለያያሉ።

ሳይሞቁ በመጭመቂያ ማቃናት የሚቻለው ጉብጠቱ ትንሽ ሲሆን፣ ባለሙያውም ሹካውን አስሮ የሚለካበት ቋሚ መለኪያ ሲኖረው ነው። በዓይን ብቻ፣ በሞርሳና በመዶሻ የተቃና ሹካ በአንድ በኩል ቢቀና በሌላው ይጎብጣል። አንድ ጊዜ ቀንቶ እንደገና የጎበጠ ሹካ ደግሞ ሁለተኛ አይቃናም፤ ብረትም እንደ ሽቦ ተመላልሶ ሲታጠፍ ይሰበራልና።

ከእነዚህ ውጭ ከሆነ መለወጥ ነው። ሌላ ሹካ ስንገዛ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ከአሮጌው ጎን አስተኝተን እናመሳክረው። የዘንጉ ርዝመት፣ የላይኛው ጥርስ ስፋት፣ ታችኛው ሳህን የሚቀመጥበት ወርድና የሚቀበለው ጎማ መጠን አንድ መሆን አለባቸው። ቬስፓ በ8፣ በ9፣ በ10 ኢንች ጎማና በብዙ ዓይነት ስለ ተሠራች፣ «የቬስፓ ሹካ ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም።

ሠ/ አፈታት

የሚያስፈልገው፤ የተለያዩ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የቀለበት ዳዶውን ጥርስ የሚይዝ ልዩ ቁልፍ፣ ግራሶ፣ ናፍጣ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትናንሽ ዕቃ ማስቀመጫ ቆርቆሮዎች። ከልዩ ቁልፉ በቀር ሌላው የትም ይገኛል። ዳዶውን በመሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጥርሱን ያበላሸዋል፣ በኋላም በልክ ማጥበቅ አይቻልም።

1ኛ/ የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋት፣ ባትሪ ካላት ገመዱን መንቀል፣ ስኩተሯን በጠንካራ ጉማጅ ላይ ከፍ አድርጎ ማቆም። ዘንጉ ወደ ታች ተስቦ ስለሚወጣ ከፍታው በቂ መሆን አለበት።

2ኛ/ የፊቱን ጎማ ማውጣት። እዚህ ላይ እጅግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የተጋጠመ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዳዶዎች አሉ፤ አንዱ ጎማውን ከተሽከርካሪው ጋር ያይዛል፣ ሌላው ሁለቱን ግማሾች እርስ በርሳቸው ያይዛል። የሚፈታው ፊተኛው ነው። አየር ያለበትን ጎማ የግማሾቹን ዳዶ የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። መለየት ያልቻለ ሰው አስቀድሞ አየሩን ጨርሶ ያስወጣ።

3ኛ/ የፊት ፍሬኑን ካቦና የፍጥነት መቁጠሪያውን ሽቦ ከታች በኩል መፍታት። በብዙዎቹ ቬስፓዎች እነዚህ በዘንጉ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ሹካው ሲወርድ ከላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

4ኛ/ መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀውን ብሎን መፍታት። ይህ ብሎን በዘንጉ ላይ በተቆረጠ ጎድጎድ ያለ ቦታ ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ማላላት ብቻ አይበቃም፣ ፈጽሞ መውጣት አለበት። ይህን ሳያውቅ መሪውን በመዶሻ ወደ ላይ የሚመታ ሰው መሪውን ይሰነጥቃል። ከወጣ በኋላ መሪውን ወደ ላይ ነቅሎ ከነካቦዎቹ በጨርቅ ላይ ወደ ጎን ማሳረፍ ነው፤ ካቦዎቹን ማጠፍ አይገባም።

5ኛ/ ላይኛውን የቀለበት ዳዶ፣ ከሥሩ ያለውን ሮንዴላ፣ ከዚያም ብዮቹን የሚጫነውን ሁለተኛውን ቀለበት በተራ መፍታት። የወጡበትን ቅደም ተከተል በወረቀት መጻፍ ይገባል፤ ለኛ ለጸሐፊዎቹ ይህ ቀላሉ ሥራ ነው።

6ኛ/ ሁለተኛው ቀለበት ከመውጣቱ በፊት አንዱ ሰው ሹካውን ከታች ይደግፍ፣ መሬትም ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ። በአንዳንዶቹ ስኩተሮች ብዮቹ በቤት ውስጥ የተሰካኩ አይደሉም፤ ልቅ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ሹካውን ቀስ እያሉ ማውረድ፣ የላይኞቹንና የታችኞቹን ብዮች ለየብቻ ቆጥሮ ማስቀመጥ ነው።

ረ/ ምርመራና ጽዳት

ሁሉንም በናፍጣ አጥበን በጨርቅ እናድርቅ። ሳህኖቹን በብርሃን ፊት እያዞርን እንያቸው፤ ብዮቹ የሄዱበት መንገድ ለስላሳና አንድ ወጥ መሆን አለበት። በጣት ጥፍር ሲዳሰስ ጉድጓድ ካለው ሳህኑ ይለወጣል። ሳህንና ብይ ሁልጊዜ አብረው ይለወጣሉ፤ አዲስ ብይ በአሮጌ ሳህን ላይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው።

በአንገቱ ውስጥ ያሉት ሳህኖች የሚወጡት ከሌላኛው ጫፍ በኩል ረጅም ብረት አስገብቶ ዙሪያውን እያፈራረቁ በመምታት ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተመቱ ያጋድሉና አንገቱን ይቧጥጣሉ። አዲሶቹም ሲገቡ አሮጌውን ሳህን ወይም ጠፍጣፋ ብረት በላያቸው አድርጎ እኩል እየመቱ እስከ መጨረሻው ማስገባት ነው። ሲጨርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ የደነዘዘው ድምፅ ጥርት ይላል።

ሹካው ከወጣ ዘንድ የክንዱን ፔርኖ እንደገና እንፈትን፤ አሞርዛተሩም ተፈትቶ በእጅ ይሳብና ይገፋ። በሁለቱም አቅጣጫ ሳይቋረጥ እየተቃወመ የሚሄድ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ እንደ ባዶ ፓምፕ ከሸሸ ይለወጥ። ዘንጉንም በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባልለን ጥርሱ ያልተበላ፣ ቧንቧውም ያልተሰነጠቀ መሆኑን እናረጋግጥ።

ሰ/ አገጣጠም

ሳህኖቹን በግራሶ ሞልተን ብዮቹን በላዩ እንደርድር፤ ግራሶው ይዞ ያቆያቸዋል። ብዛታቸው ከወጡት ጋር እኩል መሆን አለበት። በአዲሱ ሹካ ዘንግ ውስጥ አስቀድመን ቀጭን ሲባጎ እናሳልፍ፤ ጫፉን ከፍሬኑ ካቦ ጋር አስረን ሹካው ወደ ላይ ሲወጣ እየሳብን ካቦውን በመንገዱ እናስገባለን። ይህ ትንሽ ዘዴ ብዙ ድካም ያድናል።

ሹካው ከገባ በኋላ የብዩን ቀለበት በእጅ እስኪቆም እናዙር፤ ከዚያም ብዮቹ በየቦታቸው እንዲቀመጡ በቁልፍ ትንሽ ጠበቅ አድርገን መሪውን ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እናዙር፤ በመጨረሻም መልሰን ጥቂት እናላላው። ልኩ በሁለት ነገር ይታወቃል። ሹካውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንነቀንቅ ምንም መንቀሳቀስ አይሰማም፤ ከመካከል ስንለቀው ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ጎን ይወድቃል። የመጀመሪያው ከጎደለ ላልቷል፤ ሁለተኛው ከጎደለ ጠብቋል። እጅግ የጠበቀ መሪ ስኩተሯን እንደ ሰካራም ያንገዳግዳታል፤ ምክንያቱም ነጂው በማያውቀው መንገድ ዘወትር የሚያደርገውን ትንንሽ ማስተካከል ይከለክለዋል። ከዚህ በኋላ ሮንዴላውንና ላይኛውን ዳዶ አጥብቀን ፈተናውን እንደገና እናድርግ፤ ላይኛው ሲጠብቅ ታችኛውን ይዞት ሊዞር ይችላልና።

መሪውን ከጎማው አቅጣጫ ጋር አስተካክለን እንስካ፤ ብሎኑ በጎድጎዱ ውስጥ ማለፉን አይተን እናጥብቅ። መሪውን ወደ ላይ ብንስበው ፈጽሞ መነቃነቅ የለበትም። ጎማው ከገባ በኋላ ዳዶዎቹን በተራ ሳይሆን በትይዩ እያፈራረቅን እናጥብቅ፤ የፍሬኑንም ካቦ ጎማው ነጻ ሲሆን በነጻ እንዲዞር፣ ሲያዝ እንዲቆም አድርገን እናስተካክል።

የመጀመሪያው ጉዞ ሰው በሌለበት ቀጥ ባለ ሜዳ፣ ያለ ተሳፋሪ፣ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ይሁን። ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብለን በለስላሳ ፍሬን እንሞክር። መሪውን ለቅቆ መሞከር ጀግንነት አይደለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲሶቹ ሳህኖች ስለሚረግጡ የአንገቱ ልክ እንደገና መታየት አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ ባጭር ጊዜ ያጠፋዋል።

ሸ/ ባለ ሁለት እግር ሹካ

ከዛሬዎቹ ትናንሽ ስኩተሮች ብዙዎቹ የፊት ጎማቸውን የሚይዙት እንደ ሞተር ብስክሌት በሁለት እግሮች ነው። እያንዳንዱ እግር በሌላ ቧንቧ ውስጥ የሚንሸራተት የተወለወለ ቧንቧ ሲሆን በውስጡ ሞላና ዘይት አለ። የአንገቱ ሕመምና ምርመራ ከላይ ከተነገረው አይለይም፤ የእግሮቹ ሕመም ግን የራሱ ጠባይ አለው።

በተወለወለው ቧንቧ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ የዘይት መከላከያው ጎማ ተበልቷል። ዘይቱ ወደ ፍሬን ከወረደ ፍሬን አይዝምና ስኩተሯ ወዲያው ትቁም። መከላከያው በሁለቱም እግር በአንድ ጊዜ ይለወጣል። የተወለወለው ቧንቧ ዝጎ ከተበሳሳ ግን አዲሱን መከላከያ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ስለዚህ ቧንቧውም ይለወጥ። ዘይቱ ፋብሪካው በመጽሐፉ ባዘዘው ዓይነትና መጠን፣ በሁለቱም እግር እኩል መሆን አለበት። ሲያንስ ውዝዋዜው አይበርድም፤ ሲበዛ በውስጡ ያለው አየር ቦታ አጥቶ መከላከያውን ያፈነዳዋል። የእግሩ ክዳን በሞላው ኃይል ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ሲፈታ ፊትን ዘወር አድርጎ እየተጫኑ መፍታት ይገባል።

ከትንሽ ውድቀት በኋላ መሪው ቢጣመም ሁልጊዜ ስብራት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እግሮቹ በያዣቸው ውስጥ ዞረው ነው። የያዣውን ብሎኖች አላልቶ፣ ጎማውን በጉልበት መካከል ይዞ አቃንቶ፣ እንደገና ማጥበቅ ሊበቃ ይችላል። ቧንቧው ራሱ መጉበጡን ለማወቅ አውጥቶ በመስታወት ላይ ማንከባለል ነው፤ ብርሃን በሥሩ ካለፈ ጎብጧል። የጎበጠ ቧንቧ ይለወጣል።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀምንባቸውን ቃላት አንባቢው መለስ ብሎ ይመልከት፤ ሞላ፣ ቦኮላ፣ ፔርኖ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወደ አማርኛ ያስገቧቸው የቋንቋ ሊቃውንት ሳይሆኑ በየጋራዡ እጃቸውን ያቆሸሹ ሠራተኞች ናቸው። እኛ በክፍል ውስጥ ስለ ቴክኒክ ቃላት አፈጣጠር ስንከራከር እነሱ ቃሉንም ሥራውንም አብረው ይዘው ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ዛሬ በአፍ ባይነገርም አሳቡ ከተማረው ሰው ልብ ጨርሶ አልወጣም፤ መጽሐፍ የሚያገላብጥ እጅ ግራሶ መንካት የለበትም የሚል ጓደኛ ዛሬም አናጣም። የራሱን ስኩተር አንገት ፈትቶ የገጠመ ተማሪ ግን ሁለት ነገር ይማራል፤ የመካኒኩ ሥራ እውቀት መሆኑንና እውቀቱ ዋጋ ሊከፈለው የሚገባ መሆኑን። ከዚያ በኋላ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ ተጠራጥሮም ተንቆም አይደለም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነው።

አንድ ሐሳብ አቅርበን እንጨርስ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚቸግረው የቀለበት ዳዶው ቁልፍ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላይጠቀምበት ይችላል። ስኩተር ያለን ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቁልፍ ብንገዛና በየተራ ብንዋዋሰው ለሁላችንም ይበቃል። ስኩተሯን በጋራ መግዛት ካወቅን፣ በጋራ ማየትም አያቅተንም። እስከዚያው ድረስ ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ጎማዋን ከመሬት አንሥቶ መሪዋን በሁለት ጣት ቢያዞር ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም።